ጨዋታው የት ነው የሚታየው?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ከስፖርት ይነሳል እንጂ የስፖርት ወሬ ብቻ አይደለም።

ባለፈው ጥር ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት ከአሜሪካ የሚደወል ስልክ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መርዶ ጠብቄ አነሳሁት። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩት አጎቴ ናቸው፤ እኛ ቤት ትልቁም ትንሹም «ጋሼ» ነው የሚላቸው።

«ልጄ፣ ተኝተህ ነበር እንዴ?»

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ደኅና ነዎት?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ! ጨዋታው ጀምሯል፣ የት እንደሚታይ ግን አጣሁት። አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? እስቲ ፈልግልኝ።»

ጨዋታው የዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ነው። የጋሼ ልጅ የተመረቀችው ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጋሼ የዚያን ትምህርት ቤት ቡድን እንደ ቤተሰብ ይከታተላሉ። ለቤታቸው ቴሌቪዥን በየወሩ ይከፍላሉ። በተጨማሪ ለሁለት አፖች ይከፍላሉ። ከሦስት ቀን በፊት ቡድኑን ያዩበትን ቻናል ቢከፍቱ ሌላ ጨዋታ ነው። ሁለቱንም አፖች ቢከፍቱ የለም። እኔ አዲስ አበባ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ስፈልግ፣ ጋሼ በሌላቸው በሦስተኛ አፕ ላይ እንደሚተላለፍ አገኘሁት። አዲስ አካውንት፣ የካርድ ቁጥር፣ በስልክ የሚላክ ኮድ፣ ፓስወርድ። ስንጨርስ የመጀመሪያው አጋማሽ አልቆ ነበር።

«ይቅር» አሉኝ ጋሼ። «በዘጠናዎቹ ማንጠልጠያ ሽቦ ሰክቼ አየው የነበረውን ጨዋታ፣ አሁን ሦስት ቦታ ከፍዬ አላየውም። ይኼ እንዴት ነው የሚሆነው?»

እንቅልፌ ከሄደ አይቀር ይህንን ጥያቄ ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። መልሱ የቴክኖሎጂ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። አይደለም። መልሱ ከፍርድ ቤት፣ ከውልና ከገንዘብ ታሪክ ውስጥ ነው ያለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🏀 ከጥቂት መቶ ቴሌቪዥኖች የተጀመረ ነገር

ቅርጫት ኳስ ራሱ የትምህርት ቤት ልጅ ነው። በ1891 ማሳቹሴትስ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል መምህር፣ በክረምት ብርድ ከቤት መውጣት ላልቻሉ ተማሪዎቹ የፈጠረው ጨዋታ ነው። በቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የኮሌጅ ጨዋታም ቀደም ያለ ነው፤ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1940፣ ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። ፒትስበርግ ፎርድሃምን 57 ለ 37 አሸነፈ። በዚያው ምሽት ቀጥሎ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲና ጆርጅታውን ተጫወቱ። በከተማዋ ዙሪያ የነበረው የቴሌቪዥን ብዛት በመቶዎች የሚቆጠር ስለነበር፣ ያንን ስርጭት ያየው ሰው ከአንድ ሰርግ ታዳሚ ብዙም የሚበልጥ አልነበረም።

የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የሕዝብ የሆነው ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፣ ከደቡብ ተነስቶ ነው። በ1957 የኖርዝ ካሮላይና ቡድን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ካንሳስ ሲቲ ለፍጻሜ ደረሰ። ሲ. ዲ. ቼስሊ የሚባል ሰው ጨዋታውን ወደ ኖርዝ ካሮላይና ቴሌቪዥኖች አስተላለፈው። ተጋጣሚው ግዙፉ ዊልት ቻምበርሊን ያለበት ካንሳስ ነበር። ሦስት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ተጫውተው ኖርዝ ካሮላይና 54 ለ 53 አሸነፈ። ያ ሌሊት ለግዛቲቱ ሕዝብ ልክ እንደ በዓል ነበር። ቼስሊ ነገሩ ገባው፤ በቀጣዩ ወቅት የአካባቢውን ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታዎች በየሳምንቱ በአካባቢው ጣቢያዎች ማሳየት ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ላብራራ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወዳደሩት «ኮንፈረንስ» በሚባሉ ማኅበራት ተከፋፍለው ነው። አባላቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሆኑበት ዕቁብ ብላችሁ አስቡት፤ እርስ በርስ ይጫወታሉ፣ የቴሌቪዥኑን ገቢም ይካፈላሉ። የእነ ኖርዝ ካሮላይና ማኅበር አትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ ይባላል። በየዓመቱ መጋቢት ላይ የዚህ ኮንፈረንስ የጥሎ ማለፍ ውድድር ሲደርስ፣ በካሮላይና ትምህርት ቤቶች መምህራን ቴሌቪዥን እየገፉ ክፍል ውስጥ አስገብተው ከተማሪዎቻቸው ጋር ያዩ እንደነበር፣ ያንን ዘመን የኖሩ ሰዎች ዛሬም እየሳቁ ያወሩታል። ክፍያ የለም፤ አንቴና ብቻ።

በ1968 ደግሞ ነገሩ አገር አቀፍ ሆነ። ሂዩስተን በሚገኘው አስትሮዶም 52,693 ሰው በተገኘበት፣ የሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ 47 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈውን ዩሲኤልኤ 71 ለ 69 ረታ። ኤዲ አይንሆርን የሚባል ነጋዴ የስርጭቱን መብት የገዛው በ27,000 ዶላር ነበር። ትልልቆቹ ኔትወርኮች ስላልፈለጉት፣ እሱ በየከተማው ያሉ ጣቢያዎችን አንድ በአንድ እየለመነ አገናኛቸው። ይህችን 27,000 ዶላር አስታውሷት፤ ወደ ኋላ ላይ እንመለስባታለን።

በ1979 ማጂክ ጆንሰንና ላሪ በርድ በፍጻሜው ተገናኙ። የማጂኩ ሚሺጋን ስቴት የበርድን ኢንዲያና ስቴት 75 ለ 64 አሸነፈ። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ካላቸው ቤቶች ውስጥ 24 በመቶ የሚሆኑት አዩት። እስከ ዛሬ ያንን ድርሻ ያገኘ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ የለም፤ የኮሌጅም ይሁን የፕሮፌሽናል።

በዚያው ዓመት ሌሎች ሁለት ነገሮች ተወለዱ። ሴፕቴምበር 7 ቀን ኢኤስፒኤን የሚባል፣ ስፖርት ብቻ የሚያሳይ የኬብል ቻናል ተከፈተ። በሰሜን ምሥራቅ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ቢግ ኢስት የሚባል አዲስ ኮንፈረንስ አቋቋሙ። አንዱ የሚያሳየው ጨዋታ ያስፈልገዋል፤ ሌላው የሚያሳየው ቻናል ያስፈልገዋል። ተገናኙ።

🏀 ጋሼና ጆርጅታውን

ጋሼ ዋሽንግተን የገቡት በ1983 ነው፤ ከደርግ ሸሽተው፣ በሱዳን በኩል። አሜሪካ በ1980 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ለብዙ ኢትዮጵያውያን በር የከፈተበት ጊዜ ነበር። እንደ ብዙዎቹ የዘመናቸው ሰዎች የመጀመሪያ ሥራቸው ፓርኪንግ ነበር። በምትቀዘቅዝ ጠባብ የመስታወት ቤት ውስጥ፣ ማንጠልጠያ ሽቦ የተሰካባት ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረቻቸው።

በዚያች ቴሌቪዥን ያዩት የነበረው ጆርጅታውንን ነው። አሠልጣኙ ጆን ቶምፕሰን፣ ነጭ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርግ ግዙፍ ጥቁር ሰው። ኮከቡ ፓትሪክ ዩዊንግ፣ ከጃማይካ የመጣ ስደተኛ ልጅ። በ1984 ጆርጅታውን ሂዩስተንን 84 ለ 75 አሸንፎ ዋንጫውን ሲወስድ፣ ቶምፕሰን ይህንን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ሆነ።

«ቋንቋው ገና ነበር» ይላሉ ጋሼ። «መኪና የሚያቆሙት ፈረንጆች ሰላም አይሉኝም። ጨዋታ ያለ ቀን ግን በመስኮቱ አጎንብሰው 'ስንት ለስንት ነው?' ይሉኛል። ቁጥር መናገር ስለምችል እመልሳለሁ። በዚያ ነው ሰው ማናገር የጀመርኩት።»

ይህንን የምነግራችሁ ለናፍቆት ብዬ አይደለም። ማንም ሰው በነፃ የሚያየው ጨዋታ ለአገሩ አዲስ ለሆነ ሰው ምን እንደሚሠራ ለማሳየት ነው። ፓርኪንግ ጠባቂውና የመኪናው ባለቤት አንድ ዓይነት ነገር አይተዋል፤ ስለዚህ የሚነጋገሩበት ነገር አላቸው።

🏀 የ1984 ፍርድ

ጆርጅታውን ዋንጫውን ባነሳ በሦስተኛው ወር፣ ጁን 27 ቀን 1984፣ እዚያው ዋሽንግተን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ውሳኔ ሰጠ። ክርክሩ ስለ ቅርጫት ኳስ ሳይሆን ስለ አሜሪካን ፉትቦል ነበር። ነገር ግን የጋሼን ሌሊት ያበላሸው ክር ከዚያ ይጀምራል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የፉትቦል ስርጭትን በብቸኝነት ይቆጣጠር ነበር። ምክንያቱ ፍርሃት ነው፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ካየ ስታዲየም አይመጣም የሚል። ስለዚህ አንድ ቡድን በሁለት ዓመት ውስጥ ከስድስት ጊዜ በላይ በቴሌቪዥን እንዳይታይ ከለከለ። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች «ጨዋታው የራሳችን ነው፤ እንዳሻን እንሸጣለን» ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ፈረደላቸው።

ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ነበሩ። ሐሳባቸው ባጭሩ፣ አንድ ሻጭ ብቻ ሲኖር ዋጋው ይወደዳል፣ የሚታየው ጨዋታ ያንሳል፣ ተመልካቹ የሚፈልገውንም የሚሰማ የለም የሚል ነው። ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ባይረን ዋይት ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ራሳቸው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ኮከብ ነበሩ። የእሳቸው ስጋት፣ የትምህርት ቤት ስፖርት እንደማንኛውም ሸቀጥ ከተቆጠረ ከትምህርት ጋር ያለው ዝምድና ይላላል የሚል ነበር።

ማን ልክ ነበር? እውነቱን ለመናገር፣ ሁለቱም።

ስቲቨንስ ልክ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የሚታየው የጨዋታ ብዛት ጨምሯል፣ እጅግም ጨምሯል። ዋይትም ልክ ነበሩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮንፈረንስ ማለት የጎረቤት ትምህርት ቤቶች ማኅበር መሆኑ ቀርቶ፣ የስርጭት መብት የሚሸጥ ድርጅት ወደ መሆን ሄደ። በቅርጫት ኳስ በመደበኛው ወቅት ከድሮም የሚሸጡት ኮንፈረንሶቹና ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ነበሩ። አሁን ግን ፉትቦሉንና ቅርጫት ኳሱን አንድ ላይ አስረው ከፍ ባለ ዋጋ ለመሸጥ ነፃ ሆኑ።

🏀 ሳያውቅ የሚከፍል ሰው

ቀጥሎ የመጣው የኬብል ዘመን ነው። አሠራሩን ካላወቅን የዛሬውን ትርምስ አንረዳም።

አንድ ቤተሰብ ለኬብል ኩባንያ በየወሩ ይከፍላል። ኩባንያው ከዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ቻናል፣ በደንበኞቹ ቁጥር ልክ፣ ቆርሶ ይሰጣል። ስፖርት የማያዩ እናትም ለስፖርት ቻናሉ ይከፍላሉ፤ አያውቁትም እንጂ። ቻናሉ ለኮንፈረንሱ ይከፍላል፣ ኮንፈረንሱ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ያካፍላል። ገንዘቡ የሚመጣው ከተመልካች ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከቤት ቁጥር ነው።

ይህ ሲገባቸው ኮንፈረንሶቹ «ለምን ቻናሉም የራሳችን አይሆንም?» አሉ። ቢግ ቴን የሚባለው የመካከለኛው ምዕራብ ኮንፈረንስ በኦገስት 2007 የራሱን ቻናል ከፈተ። ትልቁ የኬብል ኩባንያ ኮምካስት ግን በዋጋውና በአቀማመጡ አልስማማም ብሎ ለአንድ ዓመት ያህል ሳያሳየው ቀረ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። በ2012 የምዕራቡ ፓክ 12 ኮንፈረንስም የራሱን ቻናሎች ከፈተ፤ ዲሬክቲቪ ከሚባለው ትልቅ የሳተላይት አቅራቢ ጋር ግን እስከ መጨረሻው ሳይስማማ ቀረ። ከዚያ የደቡብ ምሥራቁ በ2014፣ የአትላንቲኩ በ2019 ተከተሉ። የአትላንቲኩ ቻናል ሲከፈት፣ ከቼስሊ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው፣ በአካባቢ ጣቢያዎች የሚተላለፈው ነፃ ስርጭት አበቃ። ስድሳ ዓመት የኖረ ነገር ነበር።

ለሀበሻው በጣም የሚቀርበው ታሪክ ግን የሜሪላንድ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ1953 የአትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስን ከመሠረቱት አንዱ ነበር። በ2014 ጎረቤቶቹን ትቶ ወደ ቢግ ቴን ሄደ፤ ኒው ጀርሲ ያለው ራትገርስም አብሮት። ነብራስካና አዮዋ ለሜሪላንድ ምኑ ናቸው? ምንም። ነገር ግን በዋሽንግተን፣ በባልቲሞርና በኒውዮርክ ዙሪያ ኬብል የገባላቸው ሚሊዮን ቤቶች አሉ። ቻናሉ በእነዚያ ቤቶች ቁጥር ሊያስከፍል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለዜና ብሎ ኬብል ያስገባ ሀበሻም፣ ቅርጫት ኳስ አይቶ ባያውቅም፣ በዚያ ስሌት ውስጥ አንድ ቤት ሆኖ ተቆጥሯል።

የዋንጫው ውድድር ዋጋስ? ያቺን 27,000 ዶላር አስታወሳችኋት? በ2010 ሲቢኤስና ተርነር በየመጋቢቱ የሚካሄደውን ብሔራዊ ውድድር ለ14 ዓመት በ10.8 ቢሊዮን ዶላር ገዙ። በጎ ጎን ነበረው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ጨዋታዎች በመላው አገሪቱ በቀጥታ መታየት ቻሉ። ነገር ግን በአራት ቻናሎች ተከፋፍለው። ከአራቱ በነፃ በአንቴና የሚያዘው ሲቢኤስ ብቻ ነው። ትሩቲቪ የሚባለውን ደግሞ ብዙ ሰው ቁጥሩ ስንት እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር። በ2016 የፍጻሜው ጨዋታ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኬብል ሄደ።

🏀 ጥቅሉ ሲፈታ

ከዚያ ሰው ኬብል መቁረጥ ጀመረ። ውድ ነው፤ የማያየውን መቶ ቻናል ለምን ይከፍላል? ስትሪሚንግ መጣ። ሁላችንም «አሁን የምንፈልገውን ብቻ እንገዛለን» አልን። የሆነው ግን ሌላ ነው።

ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልንገራችሁ፦ ጋሼ የሚፈልጉት የአንድ ቡድን ጨዋታዎችን ነው፤ ያንን ግን የሚሸጥ የለም። ሻጩ ኮንፈረንሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ጨዋታዎቹን ከፋፍሎ ለሦስትና ለአራት ገዢ ሲሸጥ ነው የሚያተርፈው። እያንዳንዱ ገዢ ደንበኛ ለመሳብ ጥቂት ጥሩ ጨዋታዎችን ለራሱ አፕ ይቆልፋል። ስለዚህ የአንድ ቡድን ማክሰኞ አንድ ቦታ፣ ቅዳሜ ሌላ ቦታ ይሆናል። ቢግ ቴን በ2022 ለፎክስ፣ ለሲቢኤስና ለኤንቢሲ የሸጠው የሰባት ዓመት መብት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያወጣ ነው። ከዚያ በኋላ የተወሰኑ ጨዋታዎች የሚታዩት ፒኮክ በሚባለው የኤንቢሲ አፕ ላይ ብቻ ሆነ።

ውጤቱን ያየነው ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2024 ነው። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲዋ ኬትሊን ክላርክ የኤንሲኤኤን የሴቶች የነጥብ ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በአንድ ሌሊት 49 ነጥብ አስቆጥራ። የተጫወተችው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ፣ በግዛቷ ልጆች ፊት ነው። ጨዋታው የተላለፈው ግን ፒኮክ ላይ ብቻ ነበር። አዮዋ ውስጥ አንቴና ብቻ ያለው ገበሬ የጎረቤቱ ልጅ ታሪክ ስትሠራ በቀጥታ አላየም።

በአንጻሩ በዚያው ዓመት ኤፕሪል፣ የክላርክ አዮዋ ከሳውዝ ካሮላይና ያደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ኤቢሲ በሚባለው ነፃ ቻናልም ታየ። በአማካይ 18.9 ሚሊዮን ሰው ተመለከተው። በማግስቱ በኬብል ብቻ የታየው የወንዶቹ ፍጻሜ 14.8 ሚሊዮን ነበር ያገኘው። ሴቶች ወንዶችን ሲበልጡ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዋናው ምክንያት የክላርክ ዝና እንደሆነ አልክድም። በሩ ክፍት መሆኑ ግን ምንም አላገዘም የሚለኝ ካለ አልስማማም።

ሌላ ምሳሌ። በ2025 የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ወቅት የተከፈተው ኖቬምበር 3 ቀን ነው። ከዚያ በፊት ኦክቶበር 30 ሌሊት፣ የኢኤስፒኤን ባለቤት ዲዝኒና ዩቲዩብ ቲቪ በዋጋ ሳይስማሙ ቀርተው፣ ቻናሎቹ ከዩቲዩብ ቲቪ ጠፉ። 10 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞች ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ ኢኤስፒኤን ቆዩ። ከፍለዋል፤ ጨዋታው አለ፤ ካሜራው አለ፤ ስክሪናቸው ግን ጥቁር ነው።

ፓክ 12 ደግሞ ፈረሰ። የቴሌቪዥን ውሉ አልሳካ ሲለው አባላቱ አንድ በአንድ ሸሹ። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ማኅበር በ2024 ክረምት ከሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ቀረ። ዛሬ ካሊፎርኒያ ያለው ስታንፎርድ የሚጫወተው «አትላንቲክ ኮስት» በሚባል ኮንፈረንስ ነው። ተማሪ ተጫዋቾች ለአንድ የማክሰኞ ጨዋታ ከፓሲፊክ ዳርቻ እስከ አትላንቲክ ዳርቻ ይበራሉ። ዳኛ ዋይት ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን?

🏀 ታዲያ ድሮ ይሻል ነበር?

እዚህ ላይ ራሴን ልሞግት። ድሮ ይሻል ነበር ብል እዋሻለሁ።

ጋሼ በማንጠልጠያ ሽቦ ያዩት የነበረው ጆርጅታውንን ነው፤ ታዋቂውን። ዝና የሌለው የአንድ ትንሽ ኮሌጅ ተጫዋች እናት ግን በ1984 ልጇን በቴሌቪዥን የማየት ዕድሏ ዜሮ ነበር። ዛሬ ያ ጨዋታ በስልኳ ይመጣላታል። የሴቶች ጨዋታ ያኔ ከፍጻሜው በቀር የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ከሳምንት እስከ ሳምንት አለ።

ሁለተኛ፣ ያኔ ተጫዋቾቹ ከቴሌቪዥኑ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አይደርሳቸውም ነበር። በጁን 2025 በጸደቀ የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ግን፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ በ2025–26 የትምህርት ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለአትሌቶቹ እንዲያካፍል ተፈቀደለት። ይህ ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚሁ ስርጭት ነው። ለፍቶ አዳሪው ልጅ ድርሻውን ማግኘቱን መቃወም አይቻልም፤ እኔም አልቃወምም።

ስለዚህ ቅሬታዬ «ለምን ይሸጣል?» የሚል አይደለም። ቅሬታዬ ይህ ነው፦ ከ1951 እስከ ዛሬ በነበሩት ውሎች ሁሉ ተመልካቹ ይቆጠራል እንጂ አይጠየቅም። ድሮ «ስታዲየም እንዲመጣ» ተብሎ ተከለከለ። ከ1984 በኋላ «በውድድር እንዲጠቀም» ተብሎ በር ተከፈተ፤ ከዚያም በሩ አምስት ቦታ ተከፍሎ እያንዳንዱ ላይ ቁልፍ ተገጠመ።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ፣ ከትልልቆቹ ቡድኖች አብዛኞቹ የግል ክለቦች አይደሉም፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። መሬቱ የሕዝብ ነው። ብዙ ቦታ ተማሪው ለስፖርት ክፍሉ ተጨማሪ ክፍያ ይከፍላል። ጋሼ አርባ ዓመት ግብር ከፍለዋል። የልጃቸውን የትምህርት ክፍያ በፓርኪንግና በታክሲ ከፍለዋል። ያም ሆኖ የልጃቸው ትምህርት ቤት ስም በደረቱ የተጻፈበትን ቡድን ለማየት አራተኛ ክፍያ ይጠየቃሉ። የግል ክለብ ቢሆን «የራሱ ነው፣ እንዳሻው» እላለሁ። የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ግን ጥያቄው ይለያል።

መፍትሔ የለውም እንዳትሉኝ። እንግሊዞች እንደ ኤፍኤ ካፕ ፍጻሜና እንደ ዓለም ዋንጫ ያሉ ውድድሮች በነፃ ቴሌቪዥን እንዲቀርቡ በሕግ ዘርዝረዋል። በአሜሪካ አንድ ግዛት ለራሱ ዩኒቨርሲቲ «መብቱን ለፈለግኸው ሽጥ፤ ነገር ግን በግዛታችን ውስጥ በአንቴና የሚያዝ አንድ ጣቢያ ይቅር» ብሎ ቢያስገድድ የኮንፈረንሱ ቢሊዮን አይፈርስም። ካሮላይናዎች ስድሳ ዓመት በዚህ ኖረዋል።

እኛስ? እኛ አገርም ጥያቄው እየመጣ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም (በእኛ አቆጣጠር) በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ደስ ብሎናል፤ ክለቦቻችን ገንዘብ አገኙ፣ የጨዋታው ምስል ጠራ። ዲኮደር የሌለው ደጋፊ ግን ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ ከፍሎ፣ ከአርባ ሰው ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ያይ ነበር። እኛ ችግሩን በጋራ በማየት አቃለልነው። ከክለቦቻችን መካከል በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩት ብዙ መሆናቸውን ግን አንርሳ። ቀጣዩ ውል ሲፈረም ጠረጴዛው ላይ «ተመልካቹስ?» የሚል ሰው ይኖር ይሆን? አሜሪካኖቹ አርባ ዓመት ዘግይተው ነው እየጠየቁ ያሉት።

በሳምንቱ ለጋሼ ደወልኩ። ጨዋታ ያለበት ምሽት ነበር። ስልኩ ውስጥ የሰው ጩኸት ይሰማኛል።

«አገኙት እንዴ ጋሼ? በየትኛው አፕ?»

«ምን አፕ! መኪናዬ ውስጥ ነኝ፤ ጋራዥ ውስጥ። ሬዲዮ ላይ አለ። ብርድ ነው እንጂ፣ ይኼ እንኳን ፓስወርድ አይጠይቅም።»

«ስንት ለስንት ነው?» አልኳቸው።

ነገሩኝ። ስልኩን ሬዲዮኑ አጠገብ አደረጉልኝና እስከ መጨረሻው አብረን ሰማን።

እናንተስ? ውጭ ያላችሁ፣ የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ቡድን እንዴት ነው የምታዩት? አገር ቤት ያላችሁ፣ የሊጋችንን ስርጭት ጉዳይ እንዴት ታዩታላችሁ? ከታች ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።

ቸር እንሰንብት።